ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ፦ የቧንቧ ውሃን ተከትሎ

የወሎን ከተሞች የውሃ ሁኔታ ማየት የሚፈልግ ሰው በነሐሴ ባይሄድ ይሻላል። በነሐሴ ምንጩ ሁሉ ሞልቶ ይፈሳል፣ የጉድጓዱም ውሃ ወደ ላይ ይቀርባል፣ ጉድለቱ ይሸፈናል። ይህ ጉዞ የተደረገው በግንቦት ነው፤ በልጉ አብቅቶ ክረምቱ ሳይገባ፣ ምንጭ ሲሳሳና ጀሪካን ከቦኖ ፊት ሲደረደር። መንገዱ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በወልዲያ አልፎ ቆቦ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ደጋግሞ የሚያጋጥመው እውነት፣ ውሃው በአብዛኛው ሜዳ ላይ፣ ሰዉ ደግሞ ዳገት ላይ መሆኑ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር ይመረቃል። ከጉድጓዱ በኋላ ያለው ፓምፕ፣ ቫልቭና መገጣጠሚያ ግን በጀት ሲደለደል ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከተማ የሚጠማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

አንደኛ ቀን፦ ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ በከተማዋ አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ወንዙና ገባሮቹ ለዘመናት ያወረዱት ጠጠር፣ አሸዋና ደለል ሜዳውን ሞልቶታል፤ ከሥሩ የተሰነጣጠቀ ባዛልት አለ። ለጉድጓድ ቆፋሪ ይህ መልካም መሬት ነው፤ ጠጠሩም ስንጥቁም ውሃ ይይዛል።

አንድን ጉድጓድ ለማወቅ መጀመሪያ የሚጠየቁት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ፓምፑ ቆሞ ሳለ ውሃው ከመሬት ስንት ሜትር ወርዶ ይገኛል? ይህ ስታቲክ ይባላል። ፓምፑ ሲሠራ ስንት ሜትር ላይ ይረጋል? ይህ ዳይናሚክ ነው። ሦስተኛው በሰከንድ የሚሰጠው ሊትር ነው። እነዚህ የሚገኙት ከቁፋሮው በኋላ በሚደረገው የፓምፕ ሙከራ ነው፦ መጀመሪያ መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ፣ ቀጥሎ በአንድ መጠን ሳያቋርጡ እስከ 72 ሰዓት ድረስ፣ በመጨረሻም ፓምፑን አቁሞ ውሃው ምን ያህል ፈጥኖ ወደ ቦታው እንደሚመለስ በመለካት። ሰዓቱ ከተቆረጠ ወይም ሙከራው ክረምት እንደወጣ በመስከረም ብቻ ከተደረገ ቁጥሩ ያታልላል። በመስከረሙ ቁጥር የተመረጠ ፓምፕ በግንቦት ውሃው ከመምጠጫው በታች ሲወርድበት አየር ይስባል። ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የሚሠራው ሰመርሲብል ሞተር የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው ሲቀር ሞተሩ ይግላል፤ ይቃጠላል። ከዚህ የሚያድነው ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርድ የውሃ ደረጃ ጠቋሚ ሽቦ ነው። ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ በመሆኗ ሌላም የሚታሰብ አለ። ለይኦሌና ወርካ የሚባሉት ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ወደ ቦርከና ይገባሉ። ጥልቅ ጉድጓድ ከዚህ የሚጠበቀው በአሠራሩ ነው፦ የላይኛው ጥቂት ሜትር በኬሲንጉ (ጉድጓዱን በሚያለብሰው ቧንቧ) እና በአፈሩ መካከል በሲሚንቶ ሊደፈን፣ የኬሲንጉ አፍ ከወለሉ ከፍ ብሎ ሊከደን፣ ዙሪያው ውሃ በማያቁር ኮንክሪት ሊለበስ ይገባል። እነዚህ ሳይሟሉ ቀርተው የወንዙ ብክለት ወደ ጉድጓዱ ቢደርስ በክሎሪን አይስተካከልም። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ከቆዳ ማልፋት የሚመጣ ክሮሚየም አያወጣም። ለዚህ ነው ከፋብሪካ አካባቢ ያለ ጉድጓድ የብረት ነክ ንጥረ ነገር ምርመራው በየጊዜው መደገም ያለበት፤ ሲቆፈር የተደረገ የአንድ ጊዜ ምርመራ አሥር ዓመት አያገለግልም።

ሁለተኛ ቀን፦ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። መኪናው የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ የውሃ ዋጋ ከምን እንደሚመጣ ማስላት ይቻላል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት በንድፈ ሐሳብ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይበቃል። ፓምፑና ሞተሩ ተደምረው ከሚወስዱት ኃይል 60 በመቶውን ብቻ ወደ ሥራ ቢለውጡ 0.45 ይሆናል። 300 ሜትር ለሚወጣ ውሃ በሜትር ኪዩብ 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው፤ የቧንቧው ሰበቃ ገና ሳይጨመር። በሰከንድ 30 ሊትር ወደ 200 ሜትር የሚገፋ ጣቢያ 100 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ የውሃ አገልግሎት ወጪ ሲነሳ መጀመሪያ መታየት ያለበት የመብራት ሂሳቡ ነው።

ደሴ የምትጠጣው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ እንደ ገራዶ ካለ ሜዳ የሚወጣ ውሃ ወደ ከተማው የሚደርሰው ተገፍቶ ነው። አካሄዱ ደረጃ በደረጃ ነው። ከየጉድጓዱ የወጣው ውሃ በአንድ መሰብሰቢያ ጋን ይጠራቀማል፣ ከዚያ ትልልቅ ፓምፖች በግፊት መስመር ኮረብታ ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይሰዱታል፣ ከማጠራቀሚያው በኋላ በራሱ ክብደት ይወርዳል።

በዚህ ሰንሰለት ላይ ክፉው ነገር ድንገተኛ የመብራት መቆራረጥ ነው። ፓምፑ በድንገት ሲቆም ዳገት ላይ ያለው የውሃ አምድ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቼክ ቫልቭ በኃይል ይዘጋዋል፣ የተመለሰው ምት ደግሞ በቧንቧው ውስጥ ይሮጣል። ባለሙያዎች ዋተር ሀመር ይሉታል። የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ ሸለቆ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ግፊቱ እዚያ ይበዛልና። እያንዳንዱ 10 ሜትር የውሃ ከፍታ በግፊት መለኪያ 1 ባር መሆኑን ካሰብን፣ 16 ባር የሚችል ቧንቧ ከ160 ሜትር በላይ የውሃ ክብደት ሲጫንበት ያለ ምንም ምት አቅሙን ጨርሷል። መከላከያው የታወቀ ነው፦ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ቼክ ቫልቭ፣ በፓምፕ ጣቢያው የግፊት ማብረጃ ጋን፣ በየጉብታው አየር ማስወጫ ቫልቭ፣ በየዝቅታው ደለል ማጠቢያ። አየር ማስወጫው ሲደፈን መስመሩ ውስጥ የታሰረው አየር የቧንቧውን ስፋት ያጠብባል፤ ፓምፑ እየሠራ ውሃ አይደርስም፣ ጥፋቱም በፓምፑ ላይ ይላከካል። ሠራተኛ ፓምፕ ከመንቀሉ በፊት ጉብታ ላይ ወጥቶ የአየር ቫልቩን መፈተሽ አለበት።

ሁለተኛው ችግር የመብራቱ ጥራት ነው። ኃይል ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች (ፌዞች) አንዱ ሲጠፋ ወይም ቮልቴጁ ከ10 በመቶ በላይ ሲወርድ ቦርዱ ላይ ያለው የፌዝ ተቆጣጣሪ ፓምፑን ያቆማል። ደጋግሞ ስለሚያቆም ሥራ የሚያስተጓጉል ይመስላል፤ አንዳንድ ጣቢያ ላይ ሽቦ ተቀጥሎ ይታለፋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በሁለት ፌዝ ሲሠራ ጥቂት ደቂቃ አይቆይም። የተቃጠለ ፓምፕ 120 ሜትር ላይ ከሆነ ፓምፑ የተንጠለጠለባቸው 6 ሜትር የሚረዝሙ 20 ራይዘር ቧንቧዎች አንድ በአንድ፣ በክላምፕ እየተያዙ፣ በክሬን ወይም በባለ ሦስት እግር ማንሻ ይወጣሉ። ኬብሉ ሳይላጥ መጠቅለል አለበት። አዲሱ ከመውረዱ በፊት ሞተሩና ኬብሉ ሜገር በሚባል የኤሌክትሪክ ሽፋን መፈተሻ ይለካሉ፤ ሲወርድም በየጥቂት ቧንቧው ይደገማል፤ አንድ የተላጠ ኬብል ታች ከደረሰ በኋላ ቢገኝ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ይህ ሁሉ መለዋወጫው መጋዘን ውስጥ ካለ በአንድና በሁለት ቀን ያልቃል። ከሌለ ግዥው ወራት ይወስዳል፤ በእነዚያ ወራት ጉድጓዱ ውሃ እያለው ከተማው ይጠማል። ከአዲስ ጉድጓድ በፊት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ መለዋወጫ ፓምፕ ይቅደም የምንለው ለዚህ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ ውስጥ መብራት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠባቸው ከተሞች ሰዉ ወደ ወንዝና ወደ አሮጌ ምንጭ ተመልሷል። በራሱ ክብደት የሚወርድ ምንጭ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም፣ ፓምፕ ተገኘ ተብሎ መጣል የሌለበት መሆኑን ያ ጊዜ አሳይቷል።

ሦስተኛ ቀን፦ ደሴ ውስጥ

ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ዳገትና ቁልቁለት የሌለው መንገድ ማግኘት ከባድ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ አንድ ማጠራቀሚያ ሁሉንም ሰፈር እኩል ሊያጠጣ አይችልም። ከጋኑ 100 ሜትር ዝቅ ያለው ሰፈር 10 ባር ይደርሰዋል፣ ጎረቤቱ ኮረብታ ግን ጠብታ አያይም። ትክክለኛው መንገድ ከተማውን በከፍታ መከፋፈል፣ ለየክፍሉ የራሱን ጋን ወይም ግፊት መቀነሻ መስጠት ነው። ይህ ባልተሟላበት ጊዜ ፈረቃ ይመጣል፤ ቫልቭ ከፋቹ ረጅም ቁልፉን ይዞ እየዞረ አንዱን ሰፈር ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። ይህ ሰው የከተማውን ቧንቧ ከማንኛውም ካርታ በላይ ያውቃል፤ የትኛው ቫልቭ ወደ ግራ እንደሚዘጋ፣ የትኛው አስፋልት ሲነጠፍ እንደተቀበረ። እውቀቱ በወረቀት ሳይሰፍር ጡረታ ከወጣ ከተማው ብዙ ያጣል።

ፈረቃ የራሱን በሽታ ያመጣል። ባዶ የዋለ ቧንቧ ውስጥ ግፊት ስለሌለ፣ በተሰነጠቀበት በኩል በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ የመጸዳጃ ፍሳሽ ካለ እሱንም። ቫልቭ ከፋቹ በአንድ ጊዜ ፈርቅቆ ከከፈተ ደግሞ የተጠራቀመው አየር መገጣጠሚያውን ይመታል፣ የቤት ቆጣሪንም ያሽከረክራል፤ ደንበኛው ለአየር ይከፍላል። አከፋፈቱ ቀስ እያለ፣ በሩብ ዙር መሆን አለበት። በቤት ያለውም ሰው ውሃ እንደመጣ የመጀመሪያዎቹን ባልዲዎች ለልብስና ለወለል አውሎ፣ ጠርቶ ሲወርድ የመጠጡን ቢቀዳ ይጠቅመዋል። ሮቶ ያለው ቤት ከታች ያለውን ዝቃጭ በየጊዜው ያጥባል።

ደሴን ከሌላው የሚለየው መሬቷ ነው። አካባቢው በመሬት መንሸራተት ይታወቃል። አፈሩ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ግትር ቧንቧ ከመገጣጠሚያው ይነቀላል። የተነቀለው ቦታ ያፈሳል፣ የፈሰሰው ውሃ ተዳፋቱን ይበልጥ ያረጥባል፣ ተዳፋቱ እንደገና ይንሸራተታል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚፈስ ቧንቧ ከውሃ ብክነትም በላይ የቤት ስጋት ነው። በሚንሸራተት ተዳፋት ላይ በሙቀት የሚበየድ ኤችዲፒኢ የሚባል የፕላስቲክ ቧንቧ ይመረጣል፤ መታጠፍ ይችላል፣ የሚላቀቅ መገጣጠሚያም የለውም። ድሮ የተዘረጋው ጂአይ (ዚንክ የተቀባ ብረት) ቧንቧ ዝጎ በከመነዳሪ ጎማ ታስሮ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ጎማው ለአንድ ሌሊት ነው፤ በማግስቱ ስንጥቁን አቅፎ የሚደፍን ሪፔር ክላምፕ ካልገባ ፍሳሹ ከመሬት በታች ይቀጥላል።

የአንድ ፍሳሽ መጠን በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 5 ባር ግፊት ባለበት መስመር ላይ በሰከንድ 0.13 ሊትር ያህል ያፈሳል፤ በቀን 11 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፣ ከ550 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ። ግፊቱን መቀነስ ብቻ ፍሳሹን ይቀንሰዋል። ፍሳሽ የሚፈለገው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ተጠቃሚው ተኝቶ ሳለ ከጋኑ የሚወጣው ውሃ፣ ሮቶ የሚሞላው ሲቀነስ፣ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ፍሳሽ ነው። ለዚህ በየጋኑ መውጫ ትልቅ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ቆጣሪ በሌለበት ስንት እንደሚባክን መናገር ግምት ነው።

በጋኑ ላይ የሚደረገው የክሎሪን ሥራ ቀላል ሒሳብ ነው። 100 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ጋን በሊትር 2 ሚሊ ግራም እንዲያገኝ 200 ግራም ክሎሪን ይፈልጋል። ዱቄቱ 65 በመቶ ጥንካሬ ካለው 310 ግራም ገደማ ይመዘናል። በፕላስቲክ ባልዲ በውሃ ይበጠበጣል፣ እስኪጠል ይጠበቃል፣ የጠራው ብቻ ይጨመራል፤ ዝቃጩ ከገባ ማንጠባጠቢያውን ይደፍናል። ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ ከጋኑ በጣም የራቀው ቤት ቧንቧ ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም መቅረት አለበት። መለኪያው ኪኒን ውሃውን ሐምራዊ ያደርገዋል። ቀለም ካልያዘ ወይ ዱቄቱ አርጅቷል፣ ወይ መስመሩ ውስጥ ክሎሪኑን የሚበላ ቆሻሻ አለ። ክዳኑ ተከፍቶ በሙቀት መጋዘን የከረመ ዱቄት ጥንካሬው ከበርሜሉ ጽሑፍ በታች ነው።

አራተኛ ቀን፦ ሐይቅ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደው ሐይቅ ከተማ ሲደርሱ፣ ይህን የሚያህል ውሃ አጠገቡ እያለ ከተማ እንዴት ይቸገራል የሚል ጥያቄ የማያነሳ መንገደኛ የለም። ሐይቁ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል፣ በገጽ ላይ መውጫ ግን የለውም። የሚገባው ውሃ ጨውን ትቶ በትነት ስለሚሄድ ውሃው አልካላይን ነው፤ አልጌም ያበቅላል። ይህን ወደ መጠጥ ለመለወጥ ማርጊያ ኬሚካል፣ ማዝቀጫ ገንዳ፣ አሸዋ ማጣሪያና በየቀኑ የሚሠራ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። በአፈርና በድንጋይ ተጣርቶ የወጣ ምንጭና ጉድጓድ ለትንሽ ከተማ የሚረክሰው ለዚህ ነው። ሐይቁን ከአፈር ደለልና ከፍሳሽ መጠበቅ ግን የከተማውም የገዳሙም የዓሣ አስጋሪውም ጉዳይ ሆኖ ይኖራል።

አምስተኛ ቀን፦ ከውጫሌ ወልዲያ

የአምባሰል ገደል ግርጌ የምንጭ አገር ነው። ምክንያቱ ከድንጋዩ አደራደር ይነበባል። ባዛልቱ ንብር ንብር ሆኖ ተቀምጧል፤ በሁለት ንብር መካከል ቀይ፣ ሸክላ የመሰለ አሮጌ አፈር ይገኛል። ዝናቡ በተሰነጠቀው ባዛልት ሰርጎ ቀዩ አፈር ላይ ሲደርስ መውረዱ ይገታል፤ ወደ ጎን ተጉዞ ገደሉ ሲቆረጥ ይወጣል።

ምንጭ ሲጎለብት የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ውሃው እንዲበዛ ተብሎ መውጫውን በግንብ ከፍ ማድረግ። ምንጭ ወደ ኋላ ከተገፋ ሌላ ስንጥቅ ፈልጎ ይሄዳል፤ ግንቡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። አፈሩ በጥንቃቄ እየተጠረገ ውሃው ከድንጋዩ እስከሚወጣበት ዓይን ይደረሳል፤ በድማሚት ወይም በመዶሻ አይደበደብም። ዓይኑ ፊት ያለ ሲሚንቶ ንጹሕ ድንጋይ ይደረደራል፣ ላዩ በጠጠር፣ ከዚያ በተጠቀጠቀ ሸክላ ይሸፈናል። ውሃው ወደ ሳጥኑ ይገባል፤ ትርፉ የሚፈስበት ቧንቧ ከምንጩ ዓይን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ አፉም በወንፊት ይከደናል። ማጠቢያ፣ ማናፈሻና የሚቆለፍ ክዳን ይኖረዋል። ከላይ ጎርፍ የሚያሻግር ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ይታጠራል፤ ከብት ከላይ አይሰማራም፣ ባሕር ዛፍም አጠገቡ አይተከልም። ምንጩ ከዝናብ ማግስት ከደፈረሰ ጎርፉ በቅርብ እየገባ ነው ማለት ነው፤ ሸክላው ወይም ቦዩ ይፈተሻል።

መጠኑን ለማወቅ ጀሪካንና ሰዓት ይበቃል። 20 ሊትር በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43 ሜትር ኪዩብ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢታሰብ ለ1,080 ሰው ይበቃል፤ ሌሊት የሚፈሰውን የሚይዝ ጋን ካለ። ጋን ከሌለ የሌሊቱ ውሃ ወንዝ ይወርዳል።

መርሳንና ሲሪንቃን አልፎ ወልዲያ ሲገባ ጥያቄው ለሰው ምን ያህል ይገባል ወደሚለው ይዞራል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.፣ የተቀመጠው ልክ ከ100,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ በቀን ለሰው 80 ሊትር፣ ከ50,000 በላይ ለሆነው 60፣ ከ20,000 በላይ ለሆነው 50፣ ከዚያ በታች 40 ሊትር ነበር። ለገጠር 25። አራት ሰው ያለው ቤት በ60 ሊትር ሒሳብ በቀን 12 ጀሪካን ያገኛል ማለት ነው። ቦኖ ላይ ወረፋ ይዞ ሁለት ጀሪካን የሚቀዳ ቤት ከዚህ ልክ ስድስተኛውን እንኳ አያልፍም። ቦኖ የሚጠቀመው ሰው አቅሙ አነስተኛ ሆኖ ሳለ በሻጭ በኩል ሲያልፍ በሊትር ከቧንቧ ባለቤቱ በላይ የሚከፍልበት ጊዜ አለ፤ ይህ ሊስተካከል የሚገባው ነው። የቦኖው ታሪፍ ከመጀመሪያው የቤት እርከን ታሪፍ መብለጥ የለበትም።

ስድስተኛ ቀን፦ ቆቦ

ከወልዲያ በጎብዬና በሮቢት በኩል ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ አገሩም ይሰፋል። ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከተራራው የሚወርዱ እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች ያመጡት ደለል ሸለቆውን በጥልቀት ሞልቶታል፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት በከርሰ ምድር ውሃ መስኖ የተነሳው በዚህ ሀብት ላይ ነው። እዚህ ችግሩ ከደሴ ይለያል። የሚገፋበት ከፍታ ያነሰ ነው፤ አስቸጋሪው አሸዋና የጉድጓዶች መቀራረብ ነው።

አሸዋ የሚመጣው የማጣሪያ ቧንቧው ቀዳዳ ከደለሉ ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ወይም በዙሪያው የሚሞላው የተመረጠ ጠጠር ጎድሎ ሲሞላ ነው። ፓምፑ ሲነሳ በነጭ ባልዲ ተቀድቶ ቢቀመጥ ከታች ይዘቅጣል። የመጀመሪያው ደቂቃ ብቻ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም፤ ሳያቋርጥ ከመጣ የፓምፑን መዘውሮች ይሞርዳል፣ ግፊቱ በወራት ውስጥ ይወርዳል። መፍትሔው የሚሰጠውን መጠን በመስመሩ መዝጊያ (ጌት ቫልቭ) መቀነስ ነው፤ ፍጥነቱ ሲያንስ አሸዋው ባለበት ይቀመጣል።

መቀራረቡ ደግሞ በዝምታ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሲሠራ በዙሪያው ያለውን የውሃ ወለል ያወርዳል። የመስኖና የከተማ ጉድጓድ ተቀራርበው አብረው ከሠሩ አንዱ የሌላውን ዳይናሚክ ያወርዳል። ሁለቱም ፓምፖች ጤነኞች ሆነው ሁለቱም ያነሰ ይሰጣሉ። ሰዓት ተከፋፍሎ መሥራት፣ መስኖው በቀን ከተማው በሌሊት፣ ያለ ተጨማሪ ቁፋሮ ብዙ ያቃልላል። ይህን ለመወሰን ግን ልኬት ያስፈልጋል። ልኬት ደግሞ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በአንድ ቱቦ እጦት ነው፦ ፓምፑ ሲወርድ ከራይዘሩ ጎን አንድ ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ፓምፑ ራስ አብሮ ካልወረደ የመለኪያ ሽቦው ከኬብሉ ጋር ይጠላለፋል፣ ማንም ደግሞ አይሞክረውም። ቱቦው ካለ ሥራው አሥር ደቂቃ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ፓምፑ ለረጅም ሰዓት ካረፈ በኋላ፣ ከመነሳቱ በፊት ስታቲኩ ይለካል፤ ሲሠራ ከዋለ በኋላ ዳይናሚኩ። ከቆጣሪው ንባብና ከአምፔሩ ጋር በአንድ መዝገብ፣ በአንድ መስመር ይጻፋል። ስታቲኩ ከዓመት ዓመት በግንቦት እየወረደ ከሄደ በዚያ ዙሪያ አዲስ ጉድጓድ አይቆፈርም። ጎረቤት ጉድጓድ ሳይሠራ፣ ስታቲኩ ባለበት ሆኖ ዳይናሚኩ ብቻ ከወረደ ግን የተደፈነው ማጣሪያው ነው፤ ጉድጓዱ በአየር ግፊት ይታጠባል።